ዛፉ በአንድ ቀን ወደቀ፣ ጠረጴዛው ሦስት ዓመት ፈጀ

ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ስንገዛ መጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው ጓሮው ውስጥ የቆመው ነጭ ኦክ ነበር። ቁመቱ ከቤታችን በእጥፍ ይበልጣል። እኔና ባለቤቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ግንዱን ስናቅፈው ጣቶቻችን በጭንቅ ነበር የሚገናኙት።

በ2021 ጁላይ፣ ከባድ ነፋስ በነፈሰ ማግስት፣ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ልጆቻችን ከሚተኙበት ክፍል መስኮት ሥር ወድቆ አገኘነው። የጠራነው የዛፍ ባለሙያ ግንዱን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ፤ ከሥሩ የበቀለውንም እንጉዳይ አሳየን። የታችኛው ክፍል በስብሷል፤ ከአንድ ሜትር በላይ ያለው ግን ጤነኛ ነው አለን። ባለቤቴ የዚያን ቀን ማታ የልጆቹን ፍራሽ ወደ ሳሎን አወጣች። ነገሩ በዚሁ ተወሰነ።

ከመቁረጡ በፊት

አባቴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በአናጢነት የሠራ ሰው ነው። ስልክ ደውዬ ስነግረው፣ «መቁረጡን ቁረጠው፣ ልጄ። ግን ምን እንደምትሠራበት ሳታውቅ መጋዝ አታስነሳ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ቆራጮች ካልተነገራቸው ግንዱን ለምድጃ በሚሆን ልክ ይቆራርጡታል፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። እኔ ሁለት ሜርተ ተኩል ርዝመት ያላቸው ሦስት ግንዶች እንዲተዉልኝ በውሉ ላይ አስጻፍኩ። በጣም ርካሽ ዋጋ የሰጠኝን ሰው ግን ፈቃድና ኢንሹራንስ ስጠይቀው መልስ ስላልነበረው ተውኩት። በሜሪላንድ ትልልቅ ዛፍ በክፍያ የሚቆርጥ ሰው ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

በኖቬምበር ክሬን መጣ። ዛፉ እንደ ፊልሙ በአንዴ አልተገነደሰም፤ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ ወጥቶ ከጫፍ ጀምሮ እየቆረጠ፣ ክሬኑ እያንዳንዱን ቁራጭ በጣሪያችን ላይ አሳልፎ አወረደ። ማታ ከልጆቹ ጋር በአንደኛው ግንድ ላይ ቀለበቶቹን ስንቆጥር ከመቶ ሠላሳ አለፍን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ተንቀሳቃሽ መጋዝ ያለው ሰው መጥቶ ግንዶቹን አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ወዳላቸው ጣውላዎች ሰነጠቃቸው። በቅድሚያ በብረት መፈለጊያ መረመራቸው፤ የከተማ ዛፍ ምስማር አያጣውም። ከእኛም ሁለት ተገኙ። ብረት ከኦክ ጋር ሲገናኝ እንጨቱን ስለሚያጠቁረው በምስማሮቹ ዙሪያ እንደ ቀለም የፈሰሰ ሰማያዊ ጥቁረት ነበር።

እኔ የምኖረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው። በሥራዬ የተበላሸ ነገር በማግስቱ ይታረማል። እንጨት እንደዚያ አይደለም። አዲስ የተቆረጠ ኦክ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከግማሽ በላይ ይመዝናል። የተለመደው ስሌት በየሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ የእኛ ሁለት ዓመት ይፈልጋል ማለት ነው። ጣውላዎቹን ጥላ ሥር በቀጫጭን እንጨት እያለያየሁ ደረደርኳቸው፤ ጫፋቸውም ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ሰም ቀባሁት። አንዱን ግን በሁለት ወሩ ቤት አስገብቼ ማሞቂያ አጠገብ አቆምኩት። በሦስተኛው ሳምንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ።

አባቴ በ2022 ሊጠይቀን ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ያንን ጣውላ ነው። በእጁ ዳሰሰውና፣ «ዋንዛም እንዲህ ያደርጋል፤ አያስቸኩሉትም» ብሎ ዝም አለ። ጠረጴዛውን አብረን ልንሠራ ነበር ሐሳባችን። እርጥበቱን ስንለካው ገና ነበር፤ የተፈቀደለት ስድስት ወር ደግሞ አለቀ። ከመሄዱ በፊት የትኛው ጣውላ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም መርጦ በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው። አንድ ነገርም አስጠነቀቀኝ፦ ጣውላ በእርጥበት ወራት ይሰፋል፣ በማሞቂያ ወራት ይጠባል፤ ስለዚህ ገጹን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሞላላ ይሁን።

ከወደቀ በኋላ

የሜሪላንድ ሰዎች ለዚህ ነገር አዲስ አይደሉም። ከ460 ዓመት በላይ እንደኖረ የሚገመተው ዋይ ኦክ የተባለው ዝነኛ ዛፍ በጁን 6 ቀን 2002 በማዕበል ሲወድቅ፣ ከእንጨቱ ለግዛቱ አገረ ገዥ የጽሕፈት ጠረጴዛ ተሠርቶለታል። የእኛም ዛፍ በልኩ ብዙ ሆኗል፦ የተፈጨው ቅርንጫፍ ለአትክልታችን አፈር ልብስ፣ የተጣመመው ለጎረቤት ፍልጥ፣ የተሰነጠቀው ጣውላ ደግሞ ለልጆቹ የመጻሕፍት መደርደሪያ።

ጠረጴዛው በ2024 አለቀ። በቪዲዮ ለአባቴ አሳየሁት። ገጹን አላየም፤ «እስቲ ገልብጠው» አለ። ከባድ ስለነበር ከባለቤቴና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆነን ገለበጥነው። ስልኩን ወደ ቀዳዳዎቹ አስጠጋሁ፤ ሞላላ ነበሩ። በአጠገባቸው እኔ ሳልልገው የተውኩት የእርሳስ ምልክቱ አለ።

ትንሽ ቆየና፣ «በሉ፣ አሁን ብሉበት» አለ።