መዳፍ የምትሞላው መላጊያ

ክረምት በገባ ቁጥር ደንበኞቼ የሚያነሡት አቤቱታ አንድ ነው፦ «በሩ አልዘጋ አለ።» አዲስ አበባ ውስጥ ጣውላ ቆሞ የተገጠመበት በር ያለው ሰው ሁሉ የሐምሌንና የነሐሴን ጠባይ ያውቀዋል። አብዛኛው በእርግጫ እየዘጋ፣ በትከሻ እየገፋ መስከረም እስኪጠባ ይታገሣል። አንዳንዱ ደግሞ የኤሌክትሪክ መላጊያ የያዘ ሰው ይጠራና ግማሽ ጣት ያህል ያስልጋል። ጥር ላይ በዚያ ክፍተት ነፋስ ይገባል።

እኔ በርና መስኮት ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ። ለቤት የሚሆን አንድ የእንጨት ሥራ መሣሪያ ብቻ ምረጥ ብባል ከመጋዝም ከመሮም በፊት ትንሿን የእጅ መላጊያ አነሣለሁ። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ እጅ ትያዛለች፤ በአንድ ግፊት የምታነሣውም ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። የክረምት በር የሚፈልገው ይህን ነው። እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይለቃል። ሲስብ በቃጫው ርዝመት በኩል የሚታየው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚያብጠው በወርዱ ነው። ቁመቱ ሳይጨምር ወደ ጎን ስለሚሰፋ በቁልፉ በኩል ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል።

ነሐሴ ላይ በሩ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሰፋበት ጊዜ ነውና የሚነሣው የሚነካካው ብቻ ነው። በበጋ አዲስ በር የሚገጥም ሰው ግን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ ክረምቱን መጠበቅ አለበት። የሚነካካውን ቦታ ለማግኘት የመቃኑን ጠርዝ ጠመኔ ቀቡና በሩን ግፉት። ጠመኔው የተላለፈበት ቦታ ይላጋል፣ ሌላው ይተዋል። ከዚያ የተላገውን ጠርዝ ሳታሳድሩ ቫርኒሽ ወይም ቀለም አልብሱት። ራቁቱን ከተተወ እርጥበቱን በቶሎ ይጠጣል፤ ሥራውም ይደገማል።

የዚህችን መላጊያ የዛሬ መልክ ካበጁት መካከል ሊዮናርድ ቤይሊ የተባለው አሜሪካዊ ቀዳሚ ነው። ስታንሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1869 የቤይሊን ፈጠራዎች ገዛ፤ በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታትም 9½ የሚል ቁጥር የተሰጣትን ትንሽ መላጊያ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየሱቁ የምናያቸው ትንንሽ መላጊያዎች አብዛኞቹ የእርሷ ቅጂ ናቸው። በትልቁ መላጊያ የምላጩ የተሳለ ሰያፍ ወደ ታች ይዞራል፣ በትንሿ ወደ ላይ። የ9½ ምላጭ በ20 ዲግሪ ያህል ይተኛል፤ 60½ የምትባለዋ እህቷ ደግሞ በ12 ዲግሪ ብቻ። ምላጩ በ25 ዲግሪ ከተሳለ የመጀመሪያዋ እንጨቱን በ45 ዲግሪ፣ ሁለተኛዋ በ37 ዲግሪ ትቆርጠዋለች። ዝቅ ያለው ማዕዘን የጣውላውን ጫፍ፣ ማለትም ቃጫው በመጋዝ የተቆረጠበትን ፊት፣ በቀላሉ ይልጋል። መሳቢያና ሣጥን የሚሠራ ሰው ዝቅ ያለችውን ቢይዝ እመክራለሁ። ለበርና ለመስኮት ጠርዝ ግን ሁለቱም ይሆናሉ።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት መርካቶ ምናለሽ ተራ ውጡ። በአሮጌ ብረት መካከል ከአዲሶቹ ርካሾች የሚሻል መላጊያ ይገኛል፤ ማየት ግን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ገልብጧትና አፏን ተመልከቱ፣ ምላጩ ብቅ የሚልባትን ቀዳዳ። አካሏ የተሠራው በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ስለሆነ ወድቃ ከነበረ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው። ስንጥቅ ካለ፣ ቀለም የተደረበበትም ቢሆን፣ አትግዟት። ቀጥሎ የብረት ማስመሪያ ጠርዝ ከታችኛው ገጿ ላይ አቁሙና ወደ ብርሃን ያዙት። ከፊት ጫፍ፣ ከአፉ ፊት ለፊትና ከኋላ ጫፍ ማስመሪያው መንካት አለበት። በመካከል ትንሽ ብርሃን ቢያልፍ ግድ የለም። አፉ ጋ ጎድጓዳ ከሆነ ግን ስስ ልጋግ አይገኝባትም።

ዝገት አያስፈራችሁ፤ ላይ ላዩን የያዘው በብርጭቆ ወረቀት ይወልቃል። የሚያሳስበው ምላጩን ጀርባው ላይ፣ ስለቱ አጠገብ፣ የበሳሳው ዝገት ነው፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ በስለቱ ላይ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ምላጩን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ብሎንም በእጅ መዞር አለበት። የአፏን ስፋት ማጥበብ የሚቻል ከሆነ ጥቂት ጨምራችሁ ውሰዷት፤ ጥቅሙን አስቸጋሪ እንጨት ስትይዙ ታዩታላችሁ።

አዲስም ሆነች አሮጌ፣ ከሱቅ እንደወጣች አትሠራም። ስለት የገዢው ፋንታ ነው። ወፍራም መስታወት ላይ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የውኃ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አጣብቁ፤ ከ400 ጀምሮ ወደ 1000፣ ከዚያ ወደ 2000 ሂዱ። አስቀድማችሁ የምላጩን ጀርባ፣ ከስለቱ አጠገብ ያለውን የአንድ ጣት ያህል ወርድ፣ ፊት እስኪያሳይ አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ስለት ግን የሁለት ልሙጥ ገጾች መገናኛ ስለሆነ አንዱ ሻካራ ከሆነ ሌላውን መሳል ድካም ብቻ ነው። ከዚያ ሰያፉን በ25 ዲግሪ ይዛችሁ ሳሉ። በጀርባው በኩል ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ስስ የብረት ከንፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰማችሁ ወደ ደቃቁ ወረቀት እለፉ፤ በመጨረሻም ከንፈሩን በጀርባው በኩል አንሡት። የዝግባ ጣውላ ጫፍ ላይ ሞክሩ። የተላገው ፊት ካብረቀረቀ ስለቱ ደርሷል፤ ዱቄት ካወጣ ተመለሱ።

ምላጩን ስትገጥሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገቡና ገና ምንም ሳይነካ መግፋት ጀምሩ፤ ብሎኑን በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ አንድ ስስ ነገር እስክታነሣ። ትንሽ ስንጣሪ በምላጩ ግራና ቀኝ አሳልፋችሁ ሁለቱም እኩል መቁረጣቸውን እዩ። እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሳሳ ልጋግ ሲወጣ አቁሙ። ስትጀምሩ ክብደታችሁ ከፊት፣ ስትጨርሱ ከኋላ ይሁን፤ አለዚያ የጠርዙ ሁለት ጫፎች ይዘቅጣሉ። ታችኛውን ገጿን ሰም ቀቧት፣ ግፊቱ በግማሽ የቀለለ ይመስላችኋል። የጣውላ ጫፍ ስትልጉ ደግሞ ከሁለቱ ጠርዞች ወደ መካከል ግፉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ካሳለፋችኋት መጨረሻው ላይ ያለው ቃጫ ተሰንጥቆ ይወድቃል። አጭር እንደመሆኗ ጎርበጥባጣውን እየተከተለች ትሄዳለችና ረጅም ጣውላ እንድታቃና አትጠብቁባት። ያ የትልቁ መላጊያ ሥራ ነው።

ቀሪው ከእንጨቱ ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። የጣውላውን ጎን ተመልክታችሁ ቃጫው ወደ ላይ ሽቅብ በሚወጣበት አቅጣጫ ከገፋችሁ ለስላሳ ይሆናል፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ምላጩ ከቃጫው ሥር ገብቶ ይቦጭቃል። ዝግባና ጥድ ቃጫቸው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻሉ። ዋንዛም እሺ ይላል፣ ሲላግ የሚወጣውን ቀለሙን እወደዋለሁ። ችፑድ ላይ ግን አታሳርፏት፤ በውስጡ ያለው ሙጫ የሳላችሁትን ስለት ወዲያው ያደነዝዘዋል። ከፈረሰ ቤት የመጣ ጣውላም ቢሆን ምስማር እንዳልቀረበት በእጅ ሳይዳሰስ አይላግ።

የሚያታግለው ባሕር ዛፍ ነው። ቃጫው እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ በአንዲት ክንድ ጣውላ ውስጥ አቅጣጫው ሊገለበጥ ይችላል። እዚያ ጋ ምላጩን እንደገና ሳሉ፣ አፉን አጥብቡ፣ የምታነሡትን አሳንሱ፣ መላጊያዋንም ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ግፏት። ጉጥ ዙሪያ ይህ ሁሉ ባይበቃ መላጊያዋን አስቀምጡና ስባሪ መስታወት በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቦታውን ፋቁት፤ የቆዩ አናጢዎች ሲያደርጉት ያየሁት ነው፤ ከብርጭቆ ወረቀት ይልቅ ንጹሕ ፊት ይሰጣል።