«ያ የሰሜኑ ቡድን»

ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ ቤት ለሁለት ይከፈላል። ወንድም ከወንድሙ በቀልድም በቁም ነገርም ይነታረካል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚያህል ፍጥጫ ለማየት ግን ወደ ፕሮፌሽናል ክለቦቹ መሄድ አያስፈልግም። ጉዱ ያለው ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ ነው።

እዚያ «ፉትቦል» የሚባለው የራስ ቁር አጥልቀው፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚላተሙበት ጨዋታ ነው። ሚቺጋንና ኦሃዮ ስቴት መጀመሪያ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን ሚቺጋን 34 ለ 0 አሸንፏል። የሚቺጋን ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፤ የአን አርበር ከተማ ነዋሪ ራሱ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የጥንቷ አሊዩ አምባ በገበያ ቀን በሐረርና በሸዋ ነጋዴ እንደምትጥለቀለቀው ሁሉ አን አርበርም በጨዋታው ቅዳሜ ሌላ ከተማ ትሆናለች።

ፉክክሩን ጫፍ ያደረሱት መምህርና ተማሪ ናቸው። የኦሃዮ ስቴቱ አሠልጣኝ ዉዲ ሃይስ የሚቺጋንን ስም ላለመጥራት «ያ የሰሜኑ ቡድን» ይሉ እንደነበር ይነገራል። በ1968 ሚቺጋንን 50 ለ 14 ሲቀጡ፣ ጨዋታው አልቆ ሳለ እንኳ በአንድ ነጥብ አልረካ ብለው ሁለት ሞከሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚቺጋን ቦ ሼምቤክለርን ቀጠረ። ሰውዬው በሃይስ ሥር የተጫወቱ፣ ኋላም በኦሃዮ ስቴት ረዳታቸው የነበሩ ናቸው። ልጆቻቸው ያቺን ውርደት እንዳይረሱ በልምምድ ላይ ተቃራኒ ሆነው የሚሰለፉትን 50 ቁጥር ማሊያ አለበሷቸው። በዓመቱ ኦሃዮ ስቴት 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ አን አርበር ገባ። 24 ለ 12 ተሸንፎ ወጣ!

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት «የ10 ዓመቱ ጦርነት» ተባሉ። በ1973 ሁለቱም ሳይሸነፉ ተገናኝተው 10 ለ 10 ተለያዩ። ወደ ሮዝ ቦውል የሚሄደው አንድ ብቻ ነበርና የሊጉ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ኃላፊዎች በድምፅ ኦሃዮ ስቴትን መረጡ። ሼምቤክለርን ይህ እስከ ዕድሜ ልካቸው አንገበገባቸው። ጦርነቱ በ1978 ሲያበቃ ግን ተማሪው 5፣ መምህሩ 4 አሸንፈው ነበር፤ አንዱ ያው አቻ ነው። ሃይስ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሌላ ቡድን ተጫዋች በመምታታቸው ተባረሩ።

ኅዳር 2006 ሁለቱ ቡድኖች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው፣ ሳይሸነፉ ኮሎምበስ ላይ ተቀጣጠሩ። በዋዜማው አርብ ሼምቤክለር አረፉ። በማግስቱ ኦሃዮ ስቴት 42 ለ 39 አሸነፈ። ከዚያ በፊት ግን ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ የሞላው የባላንጣ ስታዲየም ለ«ያ የሰሜኑ ቡድን» አሠልጣኝ በዝምታ ቆሟል።