አንድ ስምንተኛው ለምን አንድ ዘጠነኛ ሆነ?

ባለቤታቸው ወደ አኼራ የሄዱባቸው አንዲት እናት ወረቀት ይዘው እኛ ዘንድ መጡ። «ኡስታዝ፣ ልጅ ካለ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው ሲባል እንሰማለን። ለእኔ የጻፉልኝ ግን አንድ ዘጠነኛ ነው። ማን ነው የወሰደብኝ?» አሉን። ከ270,000 ብር 33,750 ሲጠብቁ የተጻፈላቸው 30,000 ነበር። ጥያቄያቸው የሚገባ ነው። መልሱ ያለው 24 በሚባለው ቁጥር ውስጥ ነውና፣ ውድ አንባብያን፣ እስቲ ቁጥሩን አብረን እንመርምረው።

24ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና ራሱ 24 ናቸው። ስምንት አካፋዮች ካሏቸው ቁጥሮች ሁሉ ትንሹ እርሱ ነው። ሌላም አለው፦ ከ3 የሚበልጥ ማንኛውንም ብቸኛ ቁጥር በራሱ አባዝተን 1 ብንቀንስ ውጤቱ ምንጊዜም ለ24 ይካፈላል። 5 በ5 ሲባዛ 25፣ 1 ሲቀነስ 24፤ በ7 ብንሞክር 48፤ በ11 ደግሞ 120። የብቸኛው ቁጥር የግራና የቀኝ ጎረቤቶች ሁለቱም ለ2፣ አንደኛቸው ለ4፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የግድ ለ3 ይካፈላሉና ነው። (ልጆች በ13 ይሞክሩት።)

በሱረቱ ኒሳእ ለወራሾች የተወሰኑት ድርሻዎች ስድስት ናቸው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛና አንድ ስድስተኛ። የታህቶቻቸው ትንሹ የጋራ ብዜት 24 ነው። በመድረሳ ፈራኢድ ስንቀራ ሰባቱን «ኡሱል»፣ ማለትም 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24ን፣ በቃላችን ይዘናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ የ24ን አካፋዮች ጽፈናል። 1ን ብናወጣ ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ መሆናቸውን ያስተዋልነው ግን እኛው ራሳችን አስተማሪ ከሆንን በኋላ ነው! በሁለት ደብተር ስለጻፍናቸው በሁለት ልብ ይዘናቸው ኖረናል።

ወደ እናታችን ጉዳይ እንመለስ። ሟቹ የተዉት ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ አባትና እናት ነው። ዕዳና ኑዛዜ ከወጣለት በኋላ የቀረውን ንብረት 24 ክፍል ብናደርገው ለሚስት 3፣ ለሴት ልጆቹ 16፣ ለአባት 4፣ ለእናት 4 ይደርሳል። ድምሩ 27! ማንን እንተው? ሁሉም ባለ መብት ነው። ስለዚህ ንብረቱ ለ27 ይካፈልና ጉድለቱ በሁሉም ላይ እንደየድርሻው ይወድቃል፤ ይህ «ዐውል» ይባላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዚህ ባይስማሙም የአራቱ መዝሀቦች መንገድ ይኸው ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሳሉ ስለዚሁ ተጠይቀው የሚስትየዋ ስምንተኛ ዘጠነኛ መሆኑን ወዲያው እንደመለሱ ተዘግቧል። ጉዳዩ «ሚንበሪያ» የተባለውም ለዚህ ነው።

270,000 ለ27 ሲካፈል አንዱ ክፍል 10,000 ብር ነው፦ ለእርሳቸው 30,000፣ ለልጆቻቸው 160,000፣ ለአማቶቻቸው 40,000፣ 40,000። እናትየዋ ራሳቸው ደመሩት፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያም «የአማቴስ ስንት ቀነሰ?» ብለው ጠየቁ። 45,000 ይሆን የነበረው 40,000 መሆኑን ስናሳያቸው ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።