የደጋ ፊት፣ የቆላ ጀርባ፦ ስለ ቦክስ ጊታር እንጨት

ላንቴን በስም የሚያውቃት ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሙዟ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛም ዓይኑ የሚያርፈው በጭነት መኪና ላይ በሚደረደረው የሙዝ ዘለላ ላይ እንጂ፣ በየማሳው ጥግ ቅርንጫፉን ዘርግቶ በቆመው ዋንዛ ላይ አይደለም። እኔ ግን በአናጢነት የምተዳደርና ቦክስ ጊታር በእጅ መሥራትን እንደ ሁለተኛ ግብር የያዝሁ ሰው በመሆኔ፣ የዚህ ቻናል ወጣቶች «ጋሼ፣ የትኛው እንጨት ከየትኛው ጋር ቢጣመር ነው ጥሩ ድምፅ የሚወጣው?» እያሉ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝን ጥያቄ ዛሬ ረጋ ብዬ፣ እስከምችለው ድረስ ላብራራው አስቤአለሁ። ከጥያቄው ጀርባ አንድ ያልተነገረ ሥጋት እንዳለም ይገባኛል፤ እርሱም ስፕሩስና ሮዝውድ የተባሉት የባሕር ማዶ እንጨቶች ሳይገኙ የተሠራ ጊታር ለስሙ እንጂ ለድምፁ ጊታር አይሆንም የሚል ነው።

ነገሩን ከራሳችን የዜማ መሣሪያ ብንጀምረው ይቀልላል። በዐቢይ ጾም ድምፁ የሚጎላው በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ አውታሩም ከበግ አንጀት የሚከረር፣ ገበቴው ከእንጨት ተበጅቶ በቁርበት የሚለበጥ መሣሪያ ነው፤ ክራርና መሰንቆም በመጠንና በአውታር ብዛት ይለያዩ እንጂ ፊታቸው ቁርበት ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የአውታሩን ንዝረት ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክበው ቁርበቱ ሲሆን፣ እንጨቱ ቁርበቱን ወጥሮ የሚይዝና አየሩን በውስጡ የሚያቅፍ አገልጋይ ነው። ጊታር በድምፅ አወጣጡ ከእነ ክራር የተለየው ቁርበቱ ተነሥቶ በምትኩ ስስ ጣውላ ስለገባበት ነው። ስለዚህም የእኔ አሳብ፣ ይህ ሁሉ ጽሑፍ የሚዞርበትም አሳብ፣ የጊታር ፊት እንደ ቁርበት ይመረጥ እንጂ እንደ ቁም ሣጥን ጣውላ አይመረጥ የሚል ነው፤ የጀርባውና የጎኑ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ በሌላም ሚዛን የሚመዘን ጉዳይ ነው።

ቁርበት ጥንካሬውን የሚያገኘው በመወጠሩ ነው፤ ጣውላ ግን የሚወጥረው የለምና ጥንካሬውን ከገዛ ባሕርዩ ማምጣት ይኖርበታል። የብረት ክር የተጫነበት ጊታር ስድስቱ ክሮች ተደምረው ከ70 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ይስቡታል፤ የናይለን ክር ሲሆን ሸክሙ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። እንግዲህ የጊታሩ ፊት ይህን ሁሉ ሳይጎብጥ ተሸክሞ፣ እንደገና ደግሞ ጣት ገና ክሩን ነካ ሲያደርገው ሊንቀጠቀጥ ይገባዋል፤ አንዱ ግብር ግትርነትን፣ ሁለተኛው ቅለትን ይጠይቃል። ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ሕግ ቀላል ነው፦ የጣውላ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ በእጥፍ ብቻ ሲጨምር፣ መታጠፍን የሚቋቋምበት ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህም የተነሣ ቀላሉን እንጨት ጥቂት ወፈር አድርጎ ማስቀረት፣ ከባዱን እንጨት ወረቀት እስኪመስል ድረስ ከመላግ ይሻላል። ስፕሩስም ስሙ የገነነው ሌላ ምሥጢር ኖሮት ሳይሆን፣ በሜትር ኩብ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ያህል ብቻ እየመዘነ ከክብደቱ ጋር የማይመጣጠን ግትርነት ስላለው ነው።

ታዲያ በእኛ አገር ለዚህ ግብር የሚታጭ ማን ነው? የአገራችን ጽድ መዓዛው መልካም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ከስፕሩስ ከበድ ይላል፣ ጉጡም ብዙ ነው። ዝግባ ወጥና ለመላጊያ ገር ነው፤ የዓመት ቀለበቱ ጎልቶ ስለማይታይ መልኩ ጭር ያለ ይመስላል፣ ለክብደቱ የሚመጥን ግትርነትም ስለሚጎድለው ወፍራም ሆኖ መቅረት አለበት። የእኔ ምርጫ ግን ብዙ አናጢ የሚንቀው፣ ከሜክሲኮ ምድር መጥቶ በአገራችን ደጋ ሁሉ የተተከለው የፈረንጅ ጽድ ነው። ክብደቱ ከስፕሩስ እምብዛም አይርቅም፤ ዘመዱ የሆነውን የሜዲትራኒያንን ጽድ የስፔን ጥበበኞች ለፍላሜንኮ ጊታር ጀርባና ጎን ሲጠቀሙበት የኖሩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰውም ለኮርኒስና ለአግዳሚ ወንበር ብቻ የተፈጠረ እንጨት ነው ብሎ አያጣጥለውም።

ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ ለዚህ ሥራ እኩል አይደሉም። መሰንጠቂያ ቤት ስገባ የጣውላውን ፊት አላይም፣ ጫፉን ነው የማየው፤ የዓመት ቀለበቶቹ በጫፉ ላይ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ከታዩ ጣውላው ከግንዱ መሐል ወደ ልጡ አቅጣጫ የተሰነጠቀ ነው ማለት ነው፤ እንጨት ሲደርቅ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሸማቀቀው ከመሐል ወደ ልጥ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ያህል በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ጣውላ በበጋና በክረምት መካከል ብዙም አይላወስም። ቀጥሎ በመላጊያ አሳስቼ፣ ከርዝመቱ ሩብ ያህል ገባ ብዬ ጠርዙን በሁለት ጣት እይዝና ከጆሮዬ አጠገብ አንጠልጥዬ መሐሉን በጣቴ መገጣጠሚያ አንኳኳዋለሁ። መልካሙ ጣውላ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ጥቂት ይቆያል፤ የማይረባው «ዱብ» ብሎ ወዲያው ይሞታል። ያልደረቀ ጣውላም ዱብ ስለሚል፣ ከመፍረድ በፊት ወራት ታግሦ ዳግመኛ ማንኳኳት ይገባል።

የፈረንጅ ጽድ ትልቁ ችግር ስፋት ነው። የጊታር ፊት በሰፊው በኩል ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ከአንድ ጣውላ ተሰንጥቀው ጎን ለጎን የሚጋጠሙት ሁለት ገጾች እያንዳንዳቸው 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለባቸው፤ ዛፉ ደግሞ ገና በልጅነቱ ስለሚቆረጥ ይህን ያህል ስፋት ያለ ጉጥ አይገኝበትም። እኔ በአራት ቁራጭ እገጥመዋለሁ። መጋጠሚያው ቀጥ ብሎ ከተላገ ጆሮ አይለየውም፤ ዓይን ይለየዋል፣ ይለየው።

ስለ ጀርባው ብዙ ተብሏል፣ የሚበዛውም በማጋነን ነው። የዛሬውን የስፔን ጊታር ቅርጽ ያስያዘው አንቶንዮ ደ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ፊቱን ከስፕሩስ፣ ጀርባውንና ጎኑን ግን በሙጫ ከተጣበቀ ወረቀትና ካርቶን አንድ ጊታር ሠርቶ ነበር፤ የድምፁ ምንጭ ፊቱ መሆኑን ለማስረዳት ያደረገው ነው ይባላል፣ ጊታሩም በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ዘመናት አልፈው እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዙ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ፊታቸውና አሠራራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ጀርባቸውና ጎናቸው ግን ከስድስት ልዩ ልዩ እንጨቶች የተበጁ ስድስት ጊታሮች አሠርተው፣ 52 ጊታር ተጫዋቾች ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው ተጋርዶ እንዲፈርዱ ቢያደርጉ፣ ስመ ጥሩው የብራዚል ሮዝውድ ከእነ ማሆጋኒና ከእነ ሜፕል ይህ ነው በሚባል ልዩነት በልጦ አልተገኘም።

ከዚህ ተነሥቶ ለጀርባ የተገኘው ሁሉ ይበቃል ማለት ግን የችኮላ ፍርድ ነው፤ የካርቶን ጊታር ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ አይገባም። ጀርባ የሚመረጠው ቅርጹን ሳይለውጥ ለመኖር፣ ለእሳት ለመታዘዝና ለውበት ነው፤ በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች ዋንዛን የሚያህል በአካባቢዬ አላገኘሁም። ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም፤ ልቡ ቡናማ ወርቅ ይመስላል፤ ከበሮ፣ ቀፎና የቤት በር ሲሠራበት የኖረውም ይህ ጠባዩ ስለታወቀ ነው። ጎኑን ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳስቼ፣ ውሃ አርከፍክፌ፣ ፍም በተሞላ የብረት ቱቦ ላይ ስጫነው መጀመሪያ ይፋጫል፣ እንፋሎቱም ይነሣል፤ ጥቂት እንደቆየም ድንገት ከእጄ ሥር ገር ይሆንና ወደምፈልገው ይታጠፋል። የእንጨቱ ጭረት በተጠማዘዘበት ቦታ ላይ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጭ ብሎ ይሰበራልና ለጎን የሚሆነው ቀጥተኛው ብቻ ነው። ግራቪሊያም በመልኩ ዥንጉርጉርነት ያምራል፣ ለጀርባም ይሆናል፤ ብናኙ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳ ያሳክካል፣ እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ስለሆንሁ አልወደውም።

ዋንዛን ከወዴት እናምጣ ለሚለው፦ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ከገበሬ ማሳም ቢሆን ሳይጠይቁ መቁረጥ ጣጣ አለው። የብራዚል ሮዝውድም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ የተከለከለ ነውና ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምገዛው ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና የተሰበረ አልጋ ነው። እንዲህ ያለው ዋንዛ ለብዙ ዓመታት በጣሪያ ሥር የደረቀ በመሆኑ ገንዘብ ቢከፈልበት የማይገኝ ጸጋ አለው፤ ብቻ መላጊያ ከማሳረፋችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት፣ የተሸሸገ ምስማር የመላጊያን ምላጭ ባንድ ምት ያበላሻልና።

ለጣት ሰሌዳና የክሩ ሥር ለሚያርፍበት በርኩማ ወይራ ይሁን፤ ክሩና ፍሬቱ የሚፋተጉበት ቦታ ጽኑ እንጨት ይፈልጋል። ወይራ ሲደርቅ ከጫፉ መሰንጠቅ ስለሚወድ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ድፈኑለት፤ አሮጌ የአጥር ምሰሶ ከተገኘ ደግሞ ይህ ድካም ይቀራል። በርኩማው ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ወይራ እጅግ ከባድ ነው፣ በፊቱ መሐል የሚጫን ትርፍ ክብደትም ንዝረቱን ያፍነዋል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ክንፉን እስኪቻል አሳስታችሁ የክሩን ሥር ብቻ ወፍራም አድርጉት። በርኩማውን ስታጣብቁም ቪናቪል በሙቀትና በማያቋርጥ ስበት ቀስ በቀስ እንደሚለቅ አትርሱ፤ ለቆላ የቆዳ ኮላ ይሻላል።

የደጋ ፊት ከቆላ ጀርባ ጋር ሲጣመር የሚመጣው ጣጣ የአየር ነው። ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ በጉም ተሸፍና ስትውል፣ ላንቴ ከአባያ ሐይቅ አጠገብ በሙቀት ትነዳለች፤ ከላይ የወረደው ጣውላ ወዲያው ቢጋጠም ከወራት በኋላ መሐል ለመሐል ይተረተራል። በጣውላዎቹ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየጣላችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቤት ውስጥ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አሳልፉት። የውስጡን ማገር በፊቱ ላይ የምለጥፈውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ነው፤ እንጨቱ በተሸማቀቀበት ጊዜ የተለጠፈ ፊት ዝናብ ሲመጣ ጥቂት ቢያብጥ እንጂ አይሰነጠቅም፣ በእርጥብ ወቅት የተለጠፈ ግን በበጋ ይሰነጠቃል።

ለጀማሪ የናይለን ክር የሚጫንበትን ጊታር እመክራለሁ፤ ሸክሙ ቀላል ስለሆነ የፈረንጅ ጽዱን ፊት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማውረድ ይቻላል። የብረት ክር የሚፈልግ ሰው ግን ከዚህ ወፈር ያድርገው፣ ማገሩንም ያጠንክር። ጣውላ አግኝታችሁ አስተያየቴን የምትሹ ደግሞ የፊቱን ሳይሆን የጫፉን ፎቶግራፍ፣ በመላጊያ አጽድታችሁና በውሃ ዳበስ አድርጋችሁ ቀለበቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ላኩልኝ፤ በፊቱ ብቻ የሚላክልኝን መልስ ልሰጥበት አልችልም።