የሞተር መጋዝ ዘይት የሚያጣበት ምክንያት

የባሕር ዛፍ ግንድና አጣና በሚቈረጥበትና በሚሸጥበት ስፍራ ሁሉ የሞተር መጋዝ የንግዱ ቀኝ እጅ ሆኗል። ባለመጋዙ ስለ ቤንዚኑና ስለ ሰንሰለቱ ስለት ዘወትር ያስባል፤ ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን መሪ ብረት ስለሚያለሰልሰው ዘይት ግን የሚያስታውሰው ጢስ ሲያይ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ በሙሉ ኀይል ሲሠራ በአንድ ሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ብረት ከብረት ጋር ያለ ዘይት ከተፋተገ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪ ብረቱ በግለት ይጠቍራል፣ ጠርዙ ይበላል፣ ሰንሰለቱም በየሰዓቱ እየላላ ያስቸግራል። ሁለቱም ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚገቡ ዕቃዎች ስለ ሆኑ ኪሳራው ቀላል አይደለም።

ይህ ሲደርስ ብዙው ሰው ፈጥኖ የሚወነጅለው የዘይቱን ፖምፓ ነው፤ ወደ ጥገና ቤት ሄዶም አዲስ ይገዛል። ይሁን እንጂ ፖምፓው ደኅና ሆኖ ሳለ የዘይቱ መንገድ ብቻ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ እጅግ ይበዛል።

የመጀመሪያው ፈተና ምንም ወጪ የለውም። መጋዙ ተነሥቶ ጫፉ ከነጭ ወረቀት ወይም አዲስ ከተቈረጠ ጉቶ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይያዝና ነዳጅ ይሰጠው። ቀጭን የዘይት መስመር በጉቶው ላይ ከታየ ዘይቱ ይደርሳል ማለት ነው። በብዙዎቹ መጋዞች ፖምፓው የሚሠራው ሰንሰለቱ ሲዞር ብቻ በመሆኑ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ዘይት አለመውጣቱ ጉድለት አይደለም። ከዚህም ሌላ መጠኑን ማስተዋል ይጠቅማል። አንድ ሙሉ ቤንዚን ሲያልቅ ዘይቱም ለማለቅ ጥቂት ሊቀረው ይገባል። ከግማሽ በላይ ከተረፈ አንድ ነገር አግዶታል፤ ከቤንዚኑ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ይፈሳል፣ ወይም የመቈጣጠሪያው ቪት ከልክ በላይ ተከፍቷል።

ዘይቱ ያልታየ እንደ ሆነ ሞተሩ ይጥፋ፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፣ መሪ ብረቱም ይውጣ። በጐኑ ያለችው ትንሽ ቀዳዳና ዙሪያውን የሚሄደው ቦይ ብዙ ጊዜ በብናኝ ተጠቅጥቀው ይገኛሉ። የደነዘ ሰንሰለት እንጨቱን በመቍረጥ ፈንታ እንደ ዱቄት ያደቀዋልና፣ ዱቄቱ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ይደርቃል። ይህን በቀጭን ሽቦ ማውጣት ይበቃል። መሪ ብረቱ ሲመለስም ሁለቱ ጠርዞች እኩል እንዲበሉ ተገልብጦ ቢገጠም መልካም ነው።

እዚህ ላይ የመለዋወጫ ነጋዴዎችም ድርሻ አላቸው። መሪ ብረት ርዝመቱ ስለ ተስማማ ብቻ ሊሸጥ አይገባውም፤ ቀዳዳው ከመጋዙ የዘይት መውጫ ጋር ካልተገጣጠመ ዘይቱ በውጭ ይባክናል፤ ገዢውም መጋዙ የተበላሸ ይመስለዋል።

ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ዘይቱ እንቢ ካለ፣ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ማጣሪያና አየር ማስገቢያው ይታዩ። አየር የማይገባበት ማጠራቀሚያ ዘይቱን ይዞ ያስቀራል። ፖምፓውና እርሱን የሚያዞረው ጥርስ የሚመረመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጥርሱ በአንዳንድ መጋዞች ፕላስቲክ ስለ ሆነ ይላጣል።

ነገር ግን የአብዛኛው ችግር ምንጭ በማጠራቀሚያው የሚፈሰው የተቃጠለ ዘይት ነው። ከመኪና የወጣው ይህ ዘይት ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሆኖም ደቃቅ የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ ስለሚገባ ማጣሪያውን ይዘጋል፣ ፖምፓውንም ይበላል። የሰንሰለት ዘይት ከብረቱ ጋር የሚያጣብቀው ቅመም ሲኖረው፣ የተቃጠለው ግን በፍጥነቱ ተፈናጥሮ በሠራተኛው ልብስና ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ካንሰር የሚያስከትሉ ነገሮችም አሉበት። በአውሮፓ ከጎመን ዘር የሚሠራ የሰንሰለት ዘይት በሰፊው ይሸጣል። የኑግ ዘይት ግን እንዲሁ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ በአየር ላይ ሲቈይ እንደ ሙጫ የሚደርቅ ነውና መጋዙ ለሳምንታት ከተቀመጠ መንገዱን ይደፍናል።

በብርድ ጧት ዘይት ወፍሮ ሳይወርድ ቢቀር መጋዙን ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ማቈየት ይረዳል። ሌሊቱን በመደርደሪያ ላይ ጥቂት ዘይት ማንጠባጠቡም ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህ በመሪ ብረቱና በቱቦው የቀረው ዘይት ሊሆን ይችላል። ማጠራቀሚያው በአንድ ሌሊት ባዶ ከሆነ ግን ቱቦው ተሰንጥቋል ወይም የክዳኑ ጎማ አልቋልና፣ ሁለቱም ፖምፓ ሳይነካ የሚለወጡ ናቸው።