ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም የዕትም ቁጥር አመራረጥ

ነጋዴ ሚዛኑና መስፈሪያው ትክክል እንዲሆን እንደሚጠነቀቅ ሁሉ፣ ለሒሳብ ሥራው የሚገዛው የኮምፒውተር ፕሮግራም የያዘውን የዕትም ቁጥር፣ በተለምዶ «ቨርዥን» የሚባለውን፣ ትርጕሙን ማወቅ ይገባዋል። ቁጥሩ ጌጥ አይደለም፤ ሻጩ ለገዢው የሚሰጠው ቃል ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። በምሠራበት መደብር የዱቤ መዝገብ የምንይዝበት ፕሮግራም ከ2.3.1 ወደ 2.3.2 ተለወጠ። የተለወጠችው የመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ስለ ሆነች፣ ጥቃቅን ስሕተት የታረመ መስሎኝ፣ የመዝገቡን ግልባጭ ሳላስቀር በሥራ ሰዓት እንዲጫን ፈቀድሁ። ዳሩ ግን ሠሪው የመዝገቡን አቀማመጥ ከሥሩ ለውጦት ኖሮ፣ የቀደሙት ሒሳቦች አልከፈት አሉ። ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀምን እንደ ገና ስንመዘግብ ሦስት ቀን አለፈ፤ ዕዳውን ሊከፍል ለመጣ ደንበኛም ስንት እንዳለበት መንገር አልተቻለም።

እንዲህ ያለው ጕዳት እንዳይደርስ ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ አለ። ያዘጋጁትም የጊትሀብን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ቶም ፕሬስተን ወርነር ናቸው። በደንቡ መሠረት ቁጥሩ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ክፍሎች አሉት። ስሕተት ብቻ ሲታረም ሦስተኛው ያድጋል። የቀድሞው አሠራር ሳይነካ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ሁለተኛው ያድጋል፤ ሦስተኛውም ወደ ዜሮ ይመለሳል። አዲሱ ከቀድሞው ጋር የማይስማማበት ለውጥ ሲደረግ ግን የመጀመሪያው ያድጋል። እንግዲህ የእኛው ፕሮግራም 3.0.0 መባል ነበረበት። በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ሥራው ገና አለመርጋቱን ያመለክታል። ነጥቡም የአሥርዮሽ ነጥብ ስላልሆነ፣ 1.10 የሚመጣው ከ1.9 በኋላ ነው።

ሌሎች ደግሞ በዘመን ይቈጥራሉ። ኡቡንቱ 24.04 ሲባል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ዕድሜውን ይነግራል እንጂ የለውጡን ክብደት አይነግርም። በአገራችን ይህን የሚመርጥ ሰውም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ መግለጽ ይኖርበታል።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ፣ አንድ ጊዜ ለገበያ በወጣ ቁጥር ሌላ ነገር ማውጣት ነውር ነው። ሁለት ቅርንጫፎች አንድ ቁጥር ይዘው በሁለት ዐይነት ፕሮግራም ቢሠሩ፣ የስሕተቱን ምንጭ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች፣ ስትዋዋሉ የቁጥሩን ትርጕም በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተጫነውን ቁጥርና ቀኑን መዝግቡ፤ ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ግልባጭ ሳታስቀሩ አታስጭኑ። ፕሮግራም የምትሠሩ ወጣቶችም፣ ቁጥር ስትመርጡ «ይህን ቢጭን የደንበኛዬ ሥራ ይቋረጣልን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚቋረጥ ከሆነ፣ ደንበኛው ይደነግጣል ብላችሁ የፊተኛውን አኃዝ ከማሳደግ አትቈጠቡ፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይዘጋጃልና።