የሳንባ ካንሰርና በደም የሚደረግ የዲኤንኤ ምርመራ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የሳንባ ካንሰር በዓለም ላይ ከሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ይበልጥ ለሞት ምክንያት የሚሆን በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በበሽታው ሲያዙ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሞቱ ቁጥር ከፍተኛ የሆነበት ዋነኛ ምክንያት በሽታው በአብዛኛው ሥር ከሰደደ በኋላ የሚታወቅ መሆኑ ነው። በመሆኑም ካንሰርን በደም ናሙና ቀድሞ ለመለየት የሚደረገው ጥረት የብዙዎችን ትኩረት ስቧል። ይሁን እንጂ ምርመራው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ሳይለይ የሚሰጥ ውሳኔ ታማሚውን ውድ ጊዜ ሊያሳጣው ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

በሰውነት ውስጥ ሕዋሳት ሲሞቱ የዲኤንኤያቸው ቁርጥራጭ ወደ ደም ይገባል። ይህ በጤነኛ ሰው ላይም የሚታይ ተፈጥሯዊ ሂደት ሲሆን፣ በሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የካንሰር ዕጢም እንዲሁ የራሱን ዲኤንኤ ወደ ደም ይለቃል። ላቦራቶሪው ከደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ማለትም ከፕላዝማው፣ እነዚህን ቁርጥራጮች ለይቶ ሦስት ዓይነት ምልክቶችን ሊፈልግ ይችላል፦ በዘረመል ላይ የደረሰ ለውጥን፣ በዲኤንኤው ላይ የተለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን፣ እንዲሁም የቁርጥራጮቹን መጠንና አሰባበር።

ናሙናው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሙ በተራ ብልቃጥ ከተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕላዝማው ካልተለየ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ፈርሰው የራሳቸውን ዲኤንኤ ስለሚለቁ የዕጢው ምልክት ይዋጣል።

ውጤቱ ምን ያህል ያስተማምናል?

ዕጢው ትንሽ ሲሆን የሚለቀው ዲኤንኤም እጅግ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና በርካታ የካንሰር ዓይነቶችን በአንድ የደም ምርመራ የፈተሸ ጥናት፣ ምርመራው አንደኛ ደረጃ ላይ ካሉ ካንሰሮች ያገኘው 16.8 በመቶውን ብቻ እንደሆነ፣ አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሱት ግን 90.1 በመቶውን እንዳገኘ አሳይቷል። ስለዚህ “ምልክት አልተገኘም” የሚል ውጤት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

“ምልክት ተገኝቷል” የሚል ውጤትም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ለምሳሌ ከ1,000 ተመርማሪዎች መካከል 10 ሰዎች የሳንባ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ10 ታማሚዎች 8ቱን የሚያገኝና ከ100 ጤነኞች 5ቱን በስሕተት ታማሚ የሚል ቢሆን፣ 8 እውነተኛ ታማሚዎችና 50 ያህል ጤነኞች በአንድነት “ምልክት ተገኝቶባቸዋል” ይባላሉ። ከሰባቱ በትክክል ታማሚ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው። ስለሆነም ውጤቱ በሲቲ ስካንና ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና የፓቶሎጂ ምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል።

እስካሁን የሳንባ ካንሰር ሞትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠው ቅድመ ልየታ በዝቅተኛ ጨረር የሚደረግ ሲቲ ስካን ነው። በአሜሪካ ከ53 ሺህ በላይ አጫሾችና የቀድሞ አጫሾች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከደረት ኤክስሬይ ጋር ሲነጻጸር በበሽታው የሚሞቱትን በ20 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል።

ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው የት ነው?

በደም የሚደረገው የዲኤንኤ ምርመራ በይበልጥ የተረጋገጠ ጥቅም የሚሰጠው ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ ለታማሚው የሚስማማውን መድኃኒት ለመምረጥ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ ዓላማ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ አጽድቋል። ምርመራው ኢጂኤፍአር በሚባለው ዘረመል ላይ የደረሰውን ለውጥ ይፈልጋል፤ ለውጡ በደም ውስጥ ካልተገኘ ግን ከዕጢው በሚወሰድ ናሙና እንደገና እንዲታይ ይመከራል።

የማይለቅ ሳልና የቲቢ ምርመራ

በኢትዮጵያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው በቅድሚያ የቲቢ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። በጤና ተቋማት የሚሠራው ጂን ኤክስፐርትም የዲኤንኤ ምርመራ ነው፤ የሚፈልገው ግን በአክታ ውስጥ ያለውን የቲቢ ተሕዋስ ዲኤንኤ እንጂ የካንሰርን አይደለም። ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ የደረት ሕመምና ደም የቀላቀለ አክታ የሁለቱም በሽታዎች ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ቲቢ ያልተገኘበት ወይም የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ለውጥ ያላየ ሰው ጉዳዩን በዚያው ሳይተው ተጨማሪ ምርመራ እንዲታዘዝለት ባለሙያውን መጠየቅ አለበት።

በኡራኤልና በካዛንቺስ አካባቢ ለሚኖሩ ተገልጋዮች

በደም የሚደረገው የካንሰር ዲኤንኤ ምርመራ በመንግሥት ጤና ተቋማት እንደ መደበኛ የልየታ አገልግሎት አይሰጥም። በመሆኑም የማይለቅ ሳል ያለበት የኡራኤል፣ የካዛንቺስና የአካባቢው ነዋሪ መነሻው የሚገለገልበት ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በሪፈር ወረቀት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ሊላክ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ የጨረር ሕክምናን ጨምሮ የካንሰር ሕክምና ይሰጣል።

ተገልጋዮች ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የቀድሞ የኤክስሬይና የላቦራቶሪ ውጤቶቻቸውን እንዲይዙ፣ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነና በማገዶ ወይም በከሰል ጢስ ውስጥ ይውሉ እንደነበር ለባለሙያው እንዲናገሩ ይመከራሉ። በግል ተቋም ምርመራው የቀረበላቸው ሰዎችም ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን ሊጠይቁ ይገባል፦ ምርመራው ካንሰርን ለመፈለግ ነው ወይስ መድኃኒት ለመምረጥ? ናሙናው የት ይመረመራል? ምልክት ቢገኝ ቀጣዩ ምርመራ ምንድን ነው? አጠቃላይ ወጪውስ ስንት ነው?

ከምርመራ በፊት የሚቀድመው መከላከል ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ውስጥ ማጨስ የተከለከለ ነው። ማጨስን ማቆምና የምግብ ማብሰያ ክፍልን ማናፈስ ሳንባን ከጉዳት ይጠብቃል፤ የማይለቅ ሳል ሲኖር ሳይዘገዩ መታየት ደግሞ ሕይወትን ሊታደግ ይችላል።